የሙዚቃ ጥግ፦ የካምፓችንን ቤዝ ጊታር ማን ይረከበው?

ባለፈው እትም ስለ ክራር ቅኝት ተጨዋውተን ስንለያይ «ለሚቀጥለው ስለ ኪቦርድ አመጣላችኋለሁ» ብዬ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝና ኪቦርዱ ይቆየን። በመሀል አንድ ጉዳይ ገባና ስለ ቤዝ ጊታር እንድጽፍ አስገደደኝ። ጉዳዩ ደግሞ የእኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከፋሲካ በኋላ ልጁን የሚድር፣ እህቱን የሚሞሽር ሰው ሁሉ ይመለከተዋል።

ባጭሩ ልንገራችሁና ወደ ዝርዝሩ እንገባለን። ግራ እጄ ታሟል። ክሊኒክ ያየኝ ባለሙያ «የእጅ አንጓህ ጅማት ተቆጥቷል፣ ቢያንስ ሁለት ወር ጊታር እንዳትነካ» ብሎኛል። በእኛ ኮሚዩኒቲ ያለው ቤዝ ጊታር ደግሞ አንድ ነው። ላለፉት ስድስት ዓመታት የኖረው እኔ ቤት፣ አልጋ ሥር ነው። አሁን ወደ ሌላ ሰው መሄድ አለበት። ማን ይረከበው የሚለው ነገር ግን የባንዱን ኮሚቴ ለሁለት ከፍሎት ሰንብቷል።

«አንድ ጊታር ምን ይህን ያህል ያነጋግራል?» የምትሉ አትጠፉም። አልፈርድባችሁም። አንዲት እናት አንድ ሠርግ ላይ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ የጓደኛህ ጊታር ስድስት ክር አለው፤ ያንተን ሁለቱን ማን በጠሰብህ?» ብለውኛል። አልተበጠሰም እማማ፣ ሲሠራም አራት ነው! ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ተብሎ ይቃኛል። የወፍራሙ ክር ድምፅ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ነው የሚርገበገበው፤ በጆሮ ከሚሰማው ይልቅ በደረት የሚሰማው ይበልጣል። ዘፋኙ ሲዘፍን ሰው ዘፋኙን ያያል፣ ሊድ ጊታሩ ሲያለቅስ ሰው ሊዱን ያያል። ሰው ከወንበሩ የሚነሳው ግን ከበሮውና ቤዙ ሲገጥሙ ነው። ቤዙ የቀረ ቀን ሰው «ዛሬ ቤዝ የለም» አይልም። «ባንዱ ዛሬ ምን ነካው? ቀለለብኝ» ነው የሚለው።

ዕቃው ራሱ ዕድሜው ብዙ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሊዮ ፌንደር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1951 «ፕሪሲዥን» የተባለውን ቤዝ ለገበያ ከማውጣቱ በፊት በብዛት የነበረው ቆሞ የሚጫወቱት፣ ሰው የሚያክለው የእንጨት ቤዝ ነበር። እሱን ተሸክሞ አውቶቡስ መሳፈር አስቡት። ሌላው ጊታር በኤሌክትሪክ መጮህ ሲጀምር ደግሞ የእንጨቱ ድምፅ ተዋጠ። ስሙም ከፍሬቶቹ የመጣ ነው፤ ጣትህን በፍሬት ላይ ካሳረፍክ ድምፁ ልክ ይወጣልና።

የእኛ ቤዝ የዚሁ የፌንደር ዓይነት ኮፒ ነው። ከዓመታት በፊት በየቤቱ 50 እና 100 ሽልንግ ተዋጥቶ፣ ከናይሮቢ ያገለገለ ተገዝቶ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ መጣ። ያኔ ሊድ ጊታር እንጫወታለን የምንል ሦስት ነበርን። ቤዙ ሲመጣ ሦስታችንም መሬት መሬት አየን። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ቢትልስ የሚባሉት እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1961 ጀርመን ሀምቡርግ ሲጫወቱ ቤዚስታቸው ስቱዋርት ሰትክሊፍ ባንዱን ሲለቅ፣ ቤዙን ለመያዝ የተሽቀዳደመ ሰው አልነበረም፤ ለፖል ማካርትኒ ደረሰው። ያን ጊዜ የገዛው ሆፍነር ቤዝ እ.ኤ.አ. በ1972 ተሰርቆበት፣ ከ50 ዓመት በላይ ጠፍቶ፣ በ2024 መመለሱ ተነገረ። የእኛ ቢሰረቅ ግን 50 ዓመት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ያለ አይመስለኝም።

ከሦስታችን ለእኔ ደረሰ። ያስተማረኝ አንድ ጓደኛዬ ነው። አገር ቤት ሳለ በአንድ የክፍለ ሀገር ኪነት ቡድን ውስጥ ተጫውቷል። ካምፕ ውስጥ ደግሞ ቀን ቀን እንጨት ሲሠራ፣ ማታ ማታ እኔን ሲያስተምር አራት ዓመት ኖረናል። ስለ እሱ ትንሽ ቆይቼ እመለሳለሁ፤ መመለስ የማልወደው ነገር ስላለ ነው የማዘገየው።

አሁን ወደ ልምምድ እንግባ። ወጣቶች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ «በቀን ስንት ሰዓት ልለማመድ?» ብለው ነው። የእኔ መልስ 20 ደቂቃ ነው። ይስቁብኛል። ግን በየቀኑ 20 ደቂቃ፤ ራሽን የምትቀበልበት ቀንም ቢሆን፣ ውሃ ስትጠብቅ የዋልክበት ቀንም ቢሆን። ቅዳሜ ብቻ ተቀምጦ ሦስት ሰዓት የሚመታ ሰው የመጀመሪያውን ሰዓት የሚያጠፋው ባለፈው ቅዳሜ የነበረበት ለመድረስ ነው። ጣትም ይረሳል፤ የጣት ጫፍ ቆዳም ይለሰልሳል።

ሁለተኛው ጥያቄ «ያለ መብራት እንዴት?» ነው። ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። አምፑ የሚሠራው በሶላሩ ባትሪ ነው፣ ባትሪው ደግሞ ለልምምድና ለሠርግ ይቆጠባል። ኤሌክትሪክ ቤዝ ያለ አምፕ ድምፁ የትንኝ ያህል ነው። መላው ግን ቀላል ነው። የጊታሩን አንገት ጫፍ ከእንጨት በር ወይም ከጠረጴዛ ጋር አስነኩት፤ በሩ እንደ ሳጥን ሆኖ ያጎላዋል። በር ከሌላችሁ የጊታሩን የላይኛውን ቀንድ መንጋጋችሁ ላይ አሳርፉት። ድምፁ በአጥንት አልፎ ጆሯችሁ ውስጥ ይገባል፣ ጎረቤትም አይረበሽም። ባለቤቴ መጀመሪያ ያየችኝ ቀን ጥርሴን አሞኝ መስሏት ነበር።

ሦስተኛው ነገር ግን ማንም ሳይጠይቀኝ የምናገረው ነው። ልጆቻችን ዘፈን የሚያጠኑት ከስልክ ነው። የስልክ ስፒከር ደግሞ የጥፍር ያህል ነው፣ የቤዙን ዝቅተኛ ድምፅ ጭራሽ አያወጣውም። ስለዚህ ልጁ «ዘፈኑን አጥንቼዋለሁ» ብሎ ይመጣና ቤዙ ምን እንደሚሠራ አንድም ቀን ሰምቶት አያውቅም! ከራሱ ፈጥሮ ነው የሚመታው። የጆሮ ማዳመጫ ተዋሱ። በጆሮ ማዳመጫ ጆቫኒ ሪኮ ከሮሃ ባንድ ጋር የተጫወተውን ስሙ፣ መላከ ገብሬ ከዋልያስ ጋር የተጫወተውን ስሙ። ዘፋኙን እርሱትና ቤዙን ብቻ ተከተሉ። ሰውዬው ስንት ቦታ ላይ ዝም እንዳለ ቁጠሩ። እኔ መጀመሪያ ስቆጥር አፍሬአለሁ፤ እነሱ ዝም የሚሉበትን ቦታ ሁሉ እኔ ስሞላው ኖሬአለኋ!

በተለይ ችክችካ ላይ ይሄ ጉድ ያወጣል። ችክችካ ስድስት ስምንተኛ ነው፣ ማለትም ሦስት ሦስት ሆኖ ሁለት ጊዜ። ጀማሪ ስድስቱንም ሊመታ ይፈልጋል። መጀመሪያ አንደኛውና አራተኛው ላይ ብቻ ቁሙ። አንድ ሳምንት ሙሉ እሱን ብቻ። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ጓደኛዬ ለእኔ ሜትሮኖም አድርጎ የሰጠኝ የግድግዳ ሰዓት ነበር፤ ሰዓት በደቂቃ 60 ጊዜ ይመታል፣ ከዚያ የተሻለ መምህር የለም። አሁን ሜትሮኖም በስልክ በነፃ ይገኛል፣ ሰበብ የላችሁም። ቅኝቶቹንም እንዲሁ ቀስ አድርጎ ነው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ሚውንና ላውን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ስታደርጉ ትዝታ ሚነር ይሆናል። እነዚህን አምስት አምስት ድምፆች ከአራቱም ክር ላይ እየተነሳችሁ በጨለማ እስክታገኟቸው ድረስ ሂዱባቸው። ጨለማው እንደሆነ እዚህ ሞልቶናል።

ታዲያ ባለሙያዎቹስ እንዴት ነው የሚለማመዱት? ነገሩ ሁለት መልክ አለው። በሳምንት አምስትና ስድስት ሌሊት የሚጫወት ሰው ጣቱን ለማሞቅ ቤቱ መቀመጥ ላያስፈልገው ይችላል፤ ሥራው ራሱ ልምምድ ነው። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ሰዓት እላፊ ነበር። የክለብ እንግዳ እኩለ ሌሊት ካለፈ ወደ ቤቱ መውጣት ስለማይችል እስኪነጋ እዚያው ያድራል፣ ባንዱም አብሮ ሲጫወት ያድራል። እንደዚያ ያደረ ሰው በማግስቱ ስኬል ውጣ ውረድ ቢባል ምን ይላል? ዲትሮይት በሞታውን ስቱዲዮ ይቀዳ የነበረው ጄምስ ጀመርሰን ቀን ቀን ስቱዲዮ፣ ማታ ማታ ክለብ ነበር። የቀኝ እጁን አመልካች ጣት ብቻ እየተጠቀመ ዛሬም ድረስ ሰው በሁለት ጣት የሚቸገርበትን ነገር ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1983 ነው ያረፈው።

ሌላው መልክ ግን ሥራ የሌለው ባለሙያ ነው። ለእኛ የሚቀርበን እሱ ነው። የዋልያሱ ኃይሉ መርጊያ ኪቦርድ ተጫዋች እንጂ ቤዚስት አይደለም፤ ግን ስለ ልምምድ ሳስብ እሱን አልፌ መሄድ አልችልም። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ሲጫወት ከባንዱ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ፣ ኃይሉም ቀረ። በኋላ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ መንዳት ጀመረ። በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ የመኪናው ሻንጣ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ያወጣውና ታክሲው ውስጥ ሆኖ ይለማመዳል። ተራው ሲደርስ ይመልሰዋል። ይህን ያደረገው ለአንድ ወር ወይም ለአንድ ዓመት አይደለም። ኮንሰርት ሳይኖረው፣ የሚጠራው ሳይኖር ነው የተለማመደው። እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲሰማው፣ «ና ተጫወት» ሲባል ጣቱ ዝግጁ ነበር። በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

እኔ ይህን ታሪክ የወደድኩት በስተመጨረሻ ስለተሳካለት አይደለም። ተራ ስለጠበቀ ነው። ተራ መጠበቅን እኛም እናውቅበታለን። ሰልፍ ላይ ግን ኪቦርድ ይዞ የቆመ አላየሁም። (አንዱ ወንድማችን ቼዝ ይዞ መጥቶ ያውቃል፣ እሱን ላመስግን።)

በባለሙያና በአማተር መካከል ያየሁት ትልቁ ልዩነት የሰዓት ብዛት አይደለም። አማተር የሚለማመደው የሚችለውን ነው፤ ባለሙያ የሚለማመደው ያቃተውን ነው። ለራሴ ልመስክር፦ ቤቴ ስቀመጥ ጣቴ ሁልጊዜ ወደዚያው የለመድኩት ዘፈን ነው የሚሄደው። ደስ ይላል፣ ጎረቤትም «ዛሬስ ጥሩ መታህ» ይላል። ያቺ የምታስቸግረኝ መሸጋገሪያ ግን ከዓመት ዓመት ታስቸግረኛለች።

ሁለተኛው ልዩነት ቃል ነው። የእጄን ነገር ከመናገሬ በፊት ይህን መናገር ይኖርብኛል።

ካሮል ኬይ የምትባል አሜሪካዊት አለች። ጊታር ተጫዋች ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ ቀን ለቅጂ ስቱዲዮ ስትገባ የተቀጠረው ቤዚስት ቀረ። ቤዙን አንሺ ተባለች፣ አነሳች። ከዚያ በኋላ በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች እጅግ ከሚፈለጉ ቤዚስቶች አንዷ ሆነች። የቢች ቦይስ «ፔት ሳውንድስ» አልበም ላይ እሷ አለችበት፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ የቤዝ መማሪያ መጽሐፍ አወጣች። ታሪኩ ሲነገር ሁሉም ስለ እሷ ነው የሚያወራው። እኔ ግን የማስበው ስለዚያ ስለቀረው ሰውዬ ነው። ለምን ቀረ? እኔ የቀረሁበትን ስለማውቅ ነው የምጠይቀው።

ጓደኛዬ፣ ያ ያስተማረኝ፣ ልጁን ሲድር «አንተ ትመታልኛለህ» አለኝ። «እንዴ! ምን ጥያቄ ነው?» አልኩት። ገንዘብ አልተነሳም፣ በእኔና በእሱ መካከል እንዴት ይነሳል? ሠርጉ ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ከከተማው አንድ ነጋዴ መጣና ለዚያው ቅዳሜ 1,500 ሽልንግ እከፍላለሁ አለኝ። እሺ አልኩት። ለጓደኛዬ አልነገርኩትም። የነጋዴው ፕሮግራም ቀን ነው፣ የእሱ ማታ ነው፣ በቦዳቦዳ እደርሳለሁ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። እንደምታውቁት የሰው ድግስ በሰዓቱ አያልቅም። እኔም ብሩን ሳልቀበል መውጣት አልፈለግሁም። ስመለስ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት አልፏል። ቤዙ ደግሞ አብሮኝ ነበር፤ ሌላ ሰው እንኳ እንዳይመታው።

ኪቦርዲስታችን በግራ እጁ ቤዙን፣ በቀኝ እጁ ዜማውን እየመታ እንዳደረሱት ነገሩኝ። ሰው ጨፍሯል፣ ሠርጉም አልተበላሸም። ጓደኛዬ በማግስቱ ሲያየኝ ምግብ አስቀምጦልኝ ነበር። አልተቆጣም። «ደከመህ አይደል?» ነው ያለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ስለ ሙዚቃ አንስቶልኝ አያውቅም። ከአራት ወር በኋላ ጉዞው ደረሰና ከነቤተሰቡ ወደ ካናዳ ሄደ። አውቶቡሱ ጋ ተሰናበትነው። እቅፍ አድርጎኝ «ክሩን እየቀቀልክ ተጠቀም፣ አትጣለው» አለኝ። ሌላ ነገር አላለም። እኔም ይቅርታ ማለት የምችልበት ጊዜ ያ ነበር፣ ሰው ብዙ ነበርና አላልኩም። በኋላ በስልክ ብዬዋለሁ። «የቱን?» አለኝ። ረስቶት ይሁን አውቆ ይሁን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

(ክር መቀቀል ስላልኩ ለማታውቁት፦ የቤዝ ክር ውድ ነው፤ ሲቆሽሽ ድምፁ ይደነዝዛል። አውልቃችሁ ውሃ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ያህል ብትቀቅሉት ላቡና ቅባቱ ይለቃል፣ ድምፁም ለጥቂት ጊዜ ይመለሳል። በደንብ አድርቁት፣ አለበለዚያ ይዝጋል። ለወጥ በምትሠሩበት ድስት አይሁን፤ በዚህ ምክንያት ቤቴ ጠብ ተነስቶ ያውቃል።)

እንግዲህ የእጄ ነገር። ከዚያ ሠርግ ወዲህ «ቀረ» እንዳልባል ፈራሁ። ፍርሃቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱን አበላሸሁት፤ ለጠየቀኝ ሁሉ እሺ ማለት ጀመርኩ። ለኳየሩም እሺ፣ ለባህል ቡድኑም እሺ፣ ለሠርጉም እሺ። በጾሙ ወቅት ጊታር ሳልነካ ቆየሁና ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ያልተለማመድኩትን ሁሉ በአንዴ ልክሰው ተነሳሁ። በቀን አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት። ለሌላው 20 ደቂቃ እያልኩ የምሰብከው እኔ! በአራተኛው ቀን አውራ ጣቴ ሥር መውጋት ጀመረ። «ይለምደዋል» አልኩ። አይለምደውም። የሚያም ነገር ሲኖር እዚያው ማቆም ነበር። የጣት ጫፍ ማቃጠል የጀማሪ ነው፣ ቆዳው ሲጠነክር ይተዋል። አንጓና ክርን ውስጥ የሚወጋ ግን ሌላ ነው። አሁን ጀሪካን የምታነሳው ልጄ ናት፤ እኔ ቆሜ አያለሁ።

ስለዚህ ጊታሩ ይተላለፍ። ሁለት ሰዎች ቀረቡ።

አንዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ሠርግ ላይ እኔን ሲተካ አይታችሁታል። ተሰጥኦ ነው። አንድ ጊዜ የሰማውን ይመታል፣ እኔ ሦስት ወር የፈጀብኝን በአንድ ማታ ይዞታል። ግን ለልምምድ ከአራት ቀን አንዱን ነው የሚመጣው። ለምን ቀረህ ሲሉት ሁልጊዜ ጥሩ ምክንያት አለው፣ ደግሞ እያሳቀ ነው የሚናገረው። ለማንም እምቢ ብሎ አያውቅም። እሱን ባየሁ ቁጥር ያ የነጋዴው ቅዳሜ ይታወሰኛል።

ሁለተኛዋ አብዛኞቻችሁ የማታውቋት ልጅ ናት። ዕድሜዋ 19 ነው። ባለፈው ዓመት ልምምድ በር ላይ ቆማ ስታይ ነበር። አንድ ቀን የጊታሩን አንገት በክር ለክታ ሄደች፤ ምን እንደምታደርገው አልጠየቅኋትም። ለካ አጎቷ አናጺ ነው፣ ከአልጋ ጣውላ የቤዝ አንገት የሚያክል ቁራጭ አስጠርባ ፍሬቶቹን በእርሳስ አስምራበታለች። ለክቼዋለሁ፤ የመጀመሪያው ፍሬት ከጫፉ 4.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ 12ኛው ልክ የክሩ እኩሌታ ላይ። አልሳተችም። በዚህ ድምፅ በሌለው ጣውላ ላይ ስምንት ወር ጣቶቿን ስታለማምድ ቆይታለች። ጊታሩን ሲሰጧት መጀመሪያ የቀኝ እጇ ተቸገረ፣ ክር ነክታ አታውቅማ! ግራዋ ግን ቦታውን ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ ስድስት ዘፈን ትመታለች። ቀስ ትላለች፣ ግን አትፈጥንም አትዘገይም። ከበሮ መቺያችን «ከእሷ ጋር ስመታ ወንበር ላይ የተቀመጥኩ ያህል ነው» ብሏል።

ኮሚቴው ሲያነጋግራት የመጀመሪያ ቃሏ ምን ነበር? «ማታ አልችልም። እናቴ አትፈቅድልኝም፣ እኔም መንገዱን እፈራለሁ። ከጨለመ በኋላ ያለ ሠርግ ላይ እንዳትቆጥሩኝ።» አንዳንድ የኮሚቴ አባላት እዚህ ላይ ወደቁ። «ሠርግ ማታ ነው፣ ማታ የማትመጣ ቤዚስት ምን ታደርግልናለች?» አሉ። ትክክል ናቸው፣ ሠርጋችን ማታ ነው። እኔ ግን በዚህ ባንድ ውስጥ በኖርኩባቸው ዓመታት የማትችለውን አስቀድማ የነገረችን ሰው እሷ ብቻ ናት። እኛ ወንዶቹ ሁላችንም «እሺ፣ ችግር የለም» ባዮች ነን። የእሺያችንን ውጤት ኪቦርዲስቱን ጠይቁት።

እሑድ ስብሰባው ከምሳ በኋላ ተጀምሮ እስኪመሽ ድረስ ቆየ። በመጨረሻ «ያዡ አንተ ነህ፣ አንተ ተናገር» ተባልኩ። ተናገርኩ። ጊታሩ እሷ ቤት ይሁን። ቀን ቀን ያለውን ሁሉ፣ ልምምዱን፣ የኮሚዩኒቲውን ዝግጅት፣ ሰኔ 13 የሚውለውን የዓለም የስደተኞች ቀን ፕሮግራም እሷ ትምታ። የማታውን ሠርግ ልጁ ይምታ፤ ግን ከሠርጉ በፊት ባለው ሳምንት ሁለት ልምምድ ላይ ካልተገኘ ጊታሩ ከቤት አይወጣም። ያን ጊዜ ኪቦርዲስቱ በግራ እጁ ይወጣዋል፣ ደጋሾቹም አስቀድመው እንዲያውቁት ይደረጋል። ሁለት ሰው ተቃወመ። አንደኛው «የሠርግ ጊዜ ሊጀመር ሲል ባንዱን አዳከምከው» አለኝ። ላይሆን ይችላል፣ ሊሆንም ይችላል።

እናቷን ለማነጋገር ሄጄ ነበር። ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። ጊታሩን ከብርድ ልብሱ ስፈታው ክሮቹን ቆጠሩና «ሁለቱ የት ሄዱ?» አሉኝ።

ልጁ እስካሁን መልስ አልሰጠም። ሲያገኘኝ እየሳቀ ሰላም ይለኛል። የፊታችን ማክሰኞ 10 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ልምምድ ነው፣ በኮሚዩኒቲው አዳራሽ ጀርባ፣ ከዛፉ ሥር። ማየት የምትፈልጉ ወንበር ይዛችሁ ኑ፣ ያሉን አራት ብቻ ናቸው። የጆሮ ማዳመጫ ተርፎት ለሷ ማዋስ የሚችል ሰው ካለም ለእኔ ይንገረኝ።

በሚቀጥለው እትም ስለ ኪቦርድ እጽፋለሁ። ሁለተኛ ጊዜ ቃል መግባቴ ነው፣ ታዘቡኝ።